ግልጽ ደብዳቤ፦ ችግኝ ሳይሆን የትዳር ጓደኛ ስለጎደለው ባሕር ዛፍ

ይድረስ፦ በአውስትራሊያ ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን፣ በተለይም ከካንቤራና ከሲድኒ ወደ ብሬድዉድ በኩል ለእግር ጉዞ ለምትወጡ፣ በዚያ አካባቢ የገጠር መሬት ለያዛችሁና በበጎ ፈቃድ ዛፍ ለምትተክሉ ሁሉ፤ እንዲሁም የዱር ዕፀዋትን የመጠበቅ ኃላፊነት ለተሰጣቸው መሥሪያ ቤቶች።

ጉዳዩ፦ ሞንጋርሎው ማሊ የተባለውን ባሕር ዛፍ ይመለከታል።

ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

ለእኛ ባሕር ዛፍ ማለት ብዛት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን ገብቶ እንጦጦን አለበሰ፤ ቋሚና ማገር፣ አጥርና ማገዶ ሆነ። ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ክርክራችንም ሁሌ ስለ መብዛቱ ነው፤ ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል፣ እርሻ ይሻማል እንላለን። እናም “ሊጠፋ ጫፍ ላይ የደረሰ ባሕር ዛፍ አለ” ሲባል ለጆሯችን እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ያሉት የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ከ700 ይበልጣሉ፤ እኛ በደንብ የምናውቃቸው ነጩንና ቀዩን ነው። ከቀሩት ውስጥ አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ የሚበቅሉ አሉ። ሞንጋርሎው ማሊ ደግሞ ከእነዚህም የባሰበት ነው፤ ያሉትን ዛፎች ለመቁጠር ሁለተኛ እጅ ማንሳት እምብዛም አያስፈልግም።

ሞንጋርሎው በኒው ሳውዝ ዌልስ ደቡባዊ ደጋ፣ ከብሬድዉድ ከተማ በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 በአካባቢዋ እስከዚያ ማንም ያልመዘገበው አንድ ቁጥቋጦ ተገኘ። የዕፀዋት ተመራማሪው ማይክል ክሪስፕ በ1988 ገልጸው ኢዩካሊፕተስ ሬከርቫ ብለው ሰየሙት፤ ሬከርቫ በላቲን “ወደ ኋላ የታጠፈ” ማለት ሲሆን የቅጠሉን ቅርጽ ያመለክታል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ፍለጋ ሁሉ ለብዙ ዓመታት የታወቁት አምስት ዛፎች ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ሞንጋርሎው አካባቢ ሲሆኑ፣ አንዱ በአሥሮች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ዊንዴላማ በተባለው ስፍራ ይገኛል። በክፍለ ግዛቱም ሆነ በፌዴራሉ ሕግ እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ያለ ተብሎ ተመዝግቧል።

ማሊ የሚባለው ከመሬት በታች ካበጠ አንድ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ግንድ የሚያወጣ የባሕር ዛፍ ዓይነት ነው። ይኸኛው ቁመቱ እስከ 4 ሜትር ገደማ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ተራ ቁጥቋጦ ነው። ዕድሜው ያለው ከመሬት በታች ነው። ላዩ በእሳት፣ በውርጭ ወይም በድርቅ ቢሞት ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እየሰፋም ይሄዳል። ከጉቶው ስፋት ተነሥተው ባለሙያዎች ዕድሜውን ሲገምቱ ከ3,000 እስከ 13,000 ዓመት ይደርሳሉ። የግምቱን የታችኛውን ጫፍ ብንወስድ እንኳ አክሱም ሳይቆረቆር የበቀለ ዛፍ ነው። ዛሬም ያው ተክል በዚያው ቦታ ቆሟል፤ ሥር ሰድዶ እንጂ ዘር ተክቶ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈንም ይኸው ነው።

ብዙ ቅን ሰዎች “ታዲያ ዘሩን ለቅመን፣ አፍልተን፣ በሺህ ብንተክለውስ?” ይላሉ። ችግኝ መትከል የለመደ ሕዝብ ይህን ማሰቡ ተገቢ ነው። ለዚህ ዛፍ ግን ይህ መንገድ አያዋጣም፤ ይባስ ብሎ ሊጎዳው ይችላል። ምክንያቱን ለማየት አንዲት አበባ ቀርበን እንመልከት።

የባሕር ዛፍ እንቡጥ ክዳን አላት። ኢዩካሊፕተስ የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን “በደንብ የተከደነ” ማለት ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ እንቡጥ ሻካራና ትልቅ ስለሆነች ክዳኗ መሬት ላይ ወድቆ ሁላችንም አይተናል፤ የሬከርቫዋ ግን ከሽምብራ ታንሳለች፤ ሦስት ሦስት ሆነውም በቅጠሉ ብብት ይወጣሉ። በደቡቡ በጋ ክዳኑ ከአረንጓዴ ወደ ገረጣ ቢጫ ይለወጥና ይወድቃል። ወዲያው ውስጥ ታጥፈው የነበሩት ነጫጭ ክሮች እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። እነዚያ ወንዴዎቹ ናቸው፤ ብናኛቸውን በዚያው ቀን መልቀቅ ይጀምራሉ። በመካከል የቆመው የሴቴ ዘንግ ግን ገና አልደረሰም፤ ጫፉ የሚያጣብቅና ብናኝ የሚቀበል የሚሆነው ከቀናት በኋላ ነው። ተፈጥሮ ጊዜያቸውን ያለያየችው አበባው ከራሱ እንዳይዳቀል ነው። ከዚያው ዛፍ ሌላ አበባ የመጣ ብናኝ ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ ከራሱ ሲዳቀል አብዛኛው ፍሬ መካን ይሆናል፣ የበቀለውም ችግኝ ደካማና ቀጫጫ ነው። ስለዚህ ዘሩ ጤነኛ የሚሆነው የራሱ ወገን ከሆነ ሌላ ዛፍ ብናኝ ሲያገኝ ነው።

ንብ ግን ኪሎ ሜትሮችን አቋርጣ የዛፉን ብቸኛ ዘመድ አትፈልግለትም። ቅርብ ካለው፣ በብዛት ካበበው ትቀስማለች። በዙሪያው ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ባሕር ዛፍ ነው። በመሆኑም ከሬከርቫ ላይ እንዲሁ ከተለቀመ ዘር የበቀሉ ችግኞች ዲቃላ ሆነው ተገኝተዋል፤ እናታቸው ሬከርቫ ናት፣ አባታቸው ጎረቤት። እነዚህን አፍልቶ እናት ዛፉ አጠገብ መትከል የባዕዱን ብናኝ ይበልጥ ማቅረብ ነው። ዲቃላው በፍጥነት ያድጋል፣ በብዛት ያብባል፣ እናቱንም ይሸፍናታል። የሞንጋርሎው ማሊ ችግር የችግኝ ቁጥር ማነስ አይደለም፤ አምስቱ ተገናኝተው አለመጋባታቸው ነው።

ስለዚህ ማጋባቱ የሰው እጅ ሥራ ሆኗል። ለመሥሪያ ቤቶቹ የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ነው፤ የተጀመረው በእጅ የማዳቀል ሥራ በጀት በተገኘ ጊዜ ብቻ የሚነሣና የሚወድቅ ሳይሆን በየአበባው ወቅት ሳይቋረጥ ይሠራ። ለምን እንደምንቸኩል በሒሳብ እናሳይ። ከአምስት ዛፎች 10 የተለያዩ ጥንዶች ይወጣሉ፤ እናትና አባቱን ብናቀያይር 20 ዓይነት ድቅያ ነው። አንድ ዛፍ ብቻ ቢሞት ጥንዶቹ ወደ 6 ይወርዳሉ። ሁለት ቢሞቱ 3 ይቀራሉ። አንዲት የመሬት መጥረጊያ ማሽን ወይም አንድ ቀን ያለቦታው የተረጨ ፀረ አረም የዝርያውን ዕድል አርባ በመቶ ይወስዳል ማለት ነው።

ሥራው እንዲህ ይሠራል። መጀመሪያ ብናኙ ይሰበሰባል። ክዳናቸው ሊወድቅ የደረሰ እንቡጦች ያሉበት ቀንበጥ ተቆርጦ ንፋስ በሌለበት ክፍል ውሃ ውስጥ ይቆማል። ክዳኑ ሲነሣ ወንዴ ክሮቹ በመቀስ ተከርክመው ወረቀት ላይ ይደረጉና እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ዕቃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይደርቃሉ፤ ከዚያ በቀጭን ወንፊት ተነፍተው በትንንሽ ብልቃጥ ይታሸጋሉ። በተራ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ደግሞ ለአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ይህ ቁልፍ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ዛፎቹ በአንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም በአንድ ዓመት አያብቡም። ዘንድሮ ያበበው ዛፍ ብናኝ ለከርሞ ሙሽራ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ብልቃጡን ከበረዶው እንዳወጡ በመክፈት ነው። የአየሩ እርጥበት በቀዝቃዛው ብናኝ ላይ ጤዛ ይሆንና ይገድለዋል፤ ስለዚህ እንደታሸገ የአየሩን ሙቀት እስኪይዝ መጠበቅ ነው። ከመጠቀም በፊትም ጥቂቱን በስኳርና በጥቂት ቦሪክ አሲድ በተዘጋጀ፣ አጋር በሚባል የረጋ ማብቀያ ላይ በትኖ ቱቦ ማብቀሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ይገባል። በሞተ ብናኝ የተዳቀለ አበባ አንድ ዓመት ያስጠብቃል፤ በመጨረሻም ባዶ ነው።

ቀጥሎ ሴቴዋ ትዘጋጃለች። ክዳናቸው የገረጣ ግን ያልወደቀ እንቡጦች ተመርጠው ክዳኑ ይነሣል፤ የወንዴዎቹ ቀለበት በትንሽ ምላጭ ዙሪያውን ይወገዳል። ምላጩ ወደ ውስጥ ከጠለቀ ዘንጉን ይነካል፤ የተነካ ዘንግ ጠቁሮ ይረግፋል። በዚያው ቀንበጥ ላይ አስቀድሞ የፈካም ሆነ ገና ያልደረሰ እንቡጥ ሁሉ ይለቀማል፤ አንድ ብቻ ቢረሳ ከረጢቱ ውስጥ ፈክቶ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲኬድ ምላጩም ጣቱም በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል። ከዚያ ቀንበጡ ነፍሳት በማያስገባ የወረቀት ከረጢት ይሸፈናል፤ ፕላስቲክ በጋ ላይ ውስጡን ስለሚያፍነው አይሆንም። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በኋላ ከረጢቱ ሲገለጥ የሴቴዋ ጫፍ እርጥብ ሆና ታብረቀርቃለች። ያኔ በጥርስ መፈቅፈቂያ ጫፍ ብናኙን አስነክቶ እንደገና መሸፈን፤ ዘንጉ ቡኒ ሆኖ እስኪደርቅ፣ አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ በላይ፣ አለመክፈት። የእናትና የአባት ስም፣ ቀኑና የአበባዎቹ ቁጥር በዝናብ በማይለቅ ጽሑፍ እዚያው ይታሰራል።

በነጭ ባሕር ዛፍ እርባታ የተለመደ አጭር ዘዴም አለ፤ ወንዴዎቹን በማስወገድና ዘንጉን ቆርጦ ብናኝ በመቀባት ሁሉንም በአንድ ጉብኝት መጨረስ። ጊዜና ጉዞ ይቆጥባል። በእኛ እምነት ግን አበባዋ እጅግ ትንሽ ለሆነችው ለሬከርቫ ይህ በመጀመሪያ የሚሞከር ነገር አይደለም፤ እያንዳንዷ አበባ ውድ ስለሆነች ሦስት ጊዜ መመላለሱ ይሻላል።

ፍሬው እስኪበስል አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወፍ፣ ነፍሳትና ንፋስ ስለሚፈትኑት በወንፊት ጨርቅ ይታሰራል። ቡኒ ሆኖ አፉ ሳይከፈት ተለቅሞ በወረቀት ከረጢት ሲደርቅ ራሱ ይከፈታል። የሚወጣው አብዛኛው ገለባ ነው፤ ዘሩ ጠቆር ያለና ጥቂት ነው። ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው የቀረውን ያውቀዋል፤ አፈሩ ከጀርም የጸዳ፣ ዘሩ በስሱ አሸዋ የተሸፈነ፣ ውሃው ከሥር የሚጠጣ ወይም እንደ ጉም የሚረጭ። ውሃ ካበዙበት ችግኙ አንገቱ ላይ በስብሶ በአንድ ሌሊት ይተኛል። ለተራ ባሕር ዛፍ መልሰን እንዘራለን እንል ነበር፤ እዚህ የተኛው የሁለት ዓመት ድካም ነው። የበቀለውም ሁሉ በዘረመል ምርመራ አባቱ ሳይረጋገጥ “ሬከርቫ” ተብሎ መጽሐፍ ላይ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ስለ መክተብ ነው። ያረጀ ባሕር ዛፍ ቀንበጥ ተቆርጦ አፈር ላይ ቢሰካ ሥር ማውጣት አይወድም። ስለዚህ ቀንበጡን በሌላ ባሕር ዛፍ ችግኝ ላይ መክተብ፣ ማለትም ማጣበቅ ያስፈልጋል። የችግኙ ጫፍ ተቆርጦ መሐሉ ይሰነጠቃል፤ የሬከርቫ ቀንበጥ እንደ ሽብልቅ ተቀርጾ ይገባበታል፤ ቅርፊቱ ከቅርፊት ገጥሞ በስስ ፕላስቲክ ይታሰርና እርጥበት ባለው ጥላ ሥር ለሳምንታት ይቀመጣል። የቀንበጡ ቅጥነት ሥራውን ከባድ ያደርገዋል። ከያዘ በኋላም መዘናጋት አይገባም፤ ባሕር ዛፍ ላይ የተከተበ ቀንበጥ ዓመት ሁለት ዓመት አድጎ መጋጠሚያው ላይ ያብጥና ሊሰበር ይችላል። በዚህ የተነሣ ከእያንዳንዱ እናት ዛፍ ብዙ ክታብ (የተከተበ ችግኝ)፣ ያውም ቢያንስ በሁለት የተራራቁ ቦታዎች እንዲያዝ እንጠይቃለን። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወደ 2020 የተሻገረው ታላቅ እሳት የብሬድዉድን አካባቢ እንዳልማረ የምታስታውሱ ለምን ሁለት ቦታ እንደምንል አይጠፋችሁም።

ክታብ አዲስ ትውልድ አይደለም፤ ያው ዛፍ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። የአምስቱ ዛፎች ክታቦች ሌላ ባሕር ዛፍ በማያብብበት ስፍራ ጎን ለጎን ከተተከሉ ለሺህ ዓመታት ያልተገናኙት ይገናኛሉ፤ የማጋባቱን ሥራ ንብ ራሷ ትረከባለች። እስከዚያም አበባው የቆመ ሰው እጅ የሚደርስበት ቁመት ላይ ስለሚሆን መሰላል ተሸክሞ የእናት ዛፉን አፈር መርገጥ ይቀራል።

አማራጭ የሌለውን ዘመዱን ብታዩ የዚህ ዕድል ዋጋ ይበልጥ ይገባችኋል። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በኬፕ ናቹራሊስት በኩል፣ ሚለፕ ማሊ የሚባል ባሕር ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ተገኝቷል። ብዙ ግንዶች ያሉት ስብስብ ይመስል ነበር፤ በዘረመል ሲመረመር ግን ሁሉም አንድ ተክል ሆነው ተገኙ። እሱ የሚያገባው የለውም። ሬከርቫ ግን ገና አለው።

ወገኖቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው ደግሞ ይህ ነው። ዛፎቹን ለማየት አትሂዱ። ትክክለኛ ቦታቸው ለሕዝብ የማይነገረው ሰው ስለማይታመን አይደለም፤ ሥሩ ላይ ያለው አፈር በእግር ብዛት ስለሚጠቀጠቅና በጫማ ሥር የሚመጣ በሽታ ስላለ ነው። ፋይቶፍቶራ የሚባለው ሥር አበስባሽ ተዋስያን ከጭቃ ጋር ይጓዛል፤ አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከገባ የሚያወጣው የለም። በዚያ ደጋ ከመሄዳችሁ በፊትም በኋላም የጫማችሁን ጭቃ በብሩሽ አራግፉ፤ ከዚያ ሶሉን በ70 በመቶ አልኮል እርጩት። ጭቃው ሳይራገፍ አልኮል መርጨት ዋጋ የለውም፤ ተዋስያኑ ጭቃው ውስጥ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 አውስትራሊያ የደረሰው የባሕር ዛፍ ወገን ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ደግሞ በለጋ ቅጠል ላይ እርድ የተነሰነሰ የሚመስል ቢጫ ዱቄት ያወጣል፤ በልብስና በባርኔጣ ይዛመታል። ይህን ካያችሁ ሳትነኩ ፎቶ አንሡ፤ ልብሳችሁንም ሌላ ጫካ ከመግባታችሁ በፊት እጠቡ።

በብሬድዉድ፣ በሞንጋርሎው ወይም በዊንዴላማ በኩል መሬት ያላችሁ ግን የምትፈልጉት ነገር አለ። አንድ ዛፍ ተጨምሮ ቢገኝ ጥንዶቹ ከ10 ወደ 15 ይወጣሉ። ሲፈልጉ የሚያሳስተው የባሕር ዛፍ ሕፃንነት ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ችግኝ ወይም የጉቶ ቡቃያ ቅጠሉ ሰፊ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ ግንዱን አቅፎ ሁለት ሁለት ሆኖ ትይዩ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ፤ ሲያድግ ነው ማጭድ የመሰለው ረጅም ቅጠል የሚመጣው። ብዙ ባሕር ዛፍ እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ትይዩ ቅጠል ያለው ቡቃያ ሁሉ ሬከርቫ አይደለም። ሬከርቫ የሚለየው ጎልምሶ፣ እንቡጥና ፍሬ ይዞም ቅጠሉ ትይዩ ሆኖ መቅረቱ ነው። ቅጠሉ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ፣ ጠባብ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ጫፉ ወደ ታችና ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። አበባ ሻጮች እቅፍ ውስጥ የሚጨምሩት፣ በዚያው ደጋ የሚበቅለው ብርማ ክብ ቅጠል ያለው ባሕር ዛፍም አርጅቶ ትይዩ ቅጠል ይይዛል፤ እሱ ግን በመልኩ ግራጫ ስለሆነ አያሳስትም።

እንዲህ ያለ ቁጥቋጦ ካያችሁ ቅርንጫፍ አትቁረጡ፤ መቁረጡም በሕግ ያስጠይቃል። የቅጠሉን፣ የእንቡጡን ወይም የፍሬውን፣ የግንዱን ሥርና የጠቅላላውን ቁመት፣ በአጠቃላይ አራት ፎቶ አንሡ፤ ቅጠሉ አጠገብ ለመጠን ሳንቲም ያዙ። የስልኩን የቦታ መለኪያ ለመዝገብ አስቀምጡትና ፎቶዎቹን ለክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በቀጥታ ላኩ። በማኅበራዊ ገጽ አትለጥፉት፤ ፎቶው ውስጥ ያለው የቦታ ቁጥር ዛፉ ያለበትን ለዓለም ይናገራል። መሬቱ የራሳችሁ ከሆነ መልስ እስኪመጣ ድረስ በ20 ሜትር ዙሪያ ማሽን እንዳይነዳ፣ ፀረ አረም እንዳይረጭ፣ ከብትም እንዳይገባ እባካችሁ አጥሩት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በደን ዘር ዝግጅትና በችግኝ ማፍላት ሙያ ላይ ያለን ወገኖቻችሁ